የሙቀት ለውጥ በብረት አውታር የሙዚቃ መሣሪያዎች ቅኝት ላይ የሚያስከትለው ተጽዕኖ፦ ስቲል ጊታር፣ ጊታርና ክራር ከሐርላና ከድሬዳዋ የአየር ጠባይ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የአየር ሙቀት ለውጥ የብረት አውታር ባላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ቅኝት ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ በስሌት ይመረምራል። መነሻው በሐርላ መንደርና በድሬዳዋ ከተማ፣ በቀንና በሌሊት፣ በቆላና በደጋ መካከል የሚታየው የሙቀት ልዩነት ነው። ስሌቱ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ በተመሳሳይ የሙቀት ለውጥ ሁሉም አውታሮች እኩል አይወርዱም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይዛባል። ሁለተኛ፣ አውታሩ በሰከንዶች ውስጥ ሲሞቅ የመሣሪያው አካል ግን ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ፣ ተቻኩሎ የተቃኘ መሣሪያ እንደገና ይዛባል። ሦስተኛ፣ መሣሪያዎቹ ይህን መዛባት በጨዋታ መካከል ለማረም ያላቸው ዐቅም ይለያያል፤ ማሲንቆ ሙሉ በሙሉ፣ ስቲል ጊታር በከፊል፣ ክራር ደግሞ ፈጽሞ ማረም አይችሉም። በመጨረሻም ለተጫዋቾችና ለሙዚቃ መምህራን የሚጠቅሙ ምክሮች ቀርበዋል።

1. መግቢያ

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሐረርጌ ደጋ በሚወጣው ተዳፋት ላይ የምትገኝ መንደር ናት። ስሟ በሰፊው የታወቀው በአርኪዮሎጂ ጥናት ነው። በፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከሩቅ አገር የመጡ የመስታወት ዶቃዎችና የሸክላ ስባሪዎች፣ እንዲሁም ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቦታ ተገኝቷል። በዚያ የጥንት ከተማ የኖሩ የእጅ ባለሙያዎች ብርና ነሐስን በእሳት አለስልሰው ቅርጽ ያስይዙ ነበር። ብረታ ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚሰበሰብ ማወቅ ለእነርሱ የሥራቸው አካል ነበር። ዛሬም ያው ጠባይ፣ በእጅግ አነስተኛ መጠን፣ በአንድ ጊታር ወይም ክራር አውታር ላይ ይሠራል፤ ውጤቱ ግን በዐይን ሳይሆን በጆሮ ይታወቃል።

ከሐርላ ግርጌ የተዘረጋችው ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የኦሮሞ፣ የሶማሊ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የዐረብና የሌሎችም ማኅበረሰቦች ሙዚቃ በአንድነት የሚሰማባት በመሆኗ፣ ክራር፣ ኡድና ጊታር በአንድ መድረክ መገናኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ የተመሠረተው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን፣ ከዚያም የወጣውና ኡድንም ጊታርንም ይጫወት የነበረው ዓሊ ቢራ፣ የዚህ ውሕደት ምስክሮች ናቸው።

ድሬዳዋ ግን ሞቃት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌሊቱ እስከ 15 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ በቀትርና በሌሊት መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት መታየቱ የተለመደ ነው።

በእንዲህ ያለ ስፍራ ቅኝቱ የተዛባ ተጫዋች ሲሰማ አድማጭ ወዲያው የሚፈርደው በተጫዋቹ ጆሮ ላይ ነው። ጀማሪ ተማሪም «ጆሮ የለህም» ሲባል ያምናል። በሚገባ የቃኘው መሣሪያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእጁ ላይ ሲበላሽ ምክንያቱን ካላወቀ፣ ጥፋቱን ከራሱ በቀር የሚያሳርፍበት አያገኝም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ለአንድ ሙዚቀኛ መልካም ስምና ለአንድ ተማሪ በራስ መተማመን የቀረበ ጥያቄ ነው፤ ከመዛባቱ ውስጥ የሙቀቱ ድርሻ ምን ያህል ነው?

2. የስሌቱ መሠረት

በሁለት ጫፉ የተወጠረ አውታር የሚያሰማው ድምፅ ከፍታ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ርዝመቱ ሲያጥር ወይም ውጥረቱ ሲጨምር ድምፁ ከፍ ይላል፤ አውታሩ ሲከብድ ድምፁ ይወርዳል። ድግግሞሹ የውጥረቱን ካሬ ሥር ስለሚከተል፣ ውጥረቱ በ2 በመቶ ቢቀንስ ድምፁ በ1 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

የአረብ ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ በሚሊዮን 11.5 እጅ ገደማ ይረዝማል። አንድ ሜትር የብረት አውታር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ የሚረዝመው የአንድ ሚሊሜትር ዘጠነኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ሆኖም በጊታር ላይ ያለ አውታር ሁለቱም ጫፎቹ የታሰሩ ስለሆኑ እንደልቡ ሊረዝም አይችልም። ሊረዝም የፈለገው ያህል ውጥረቱ ይላላል። የአረብ ብረት የመለጠጥ መለኪያ (የያንግ ሞዱለስ) 200 ጊጋ ፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ ያቺ ትንሽ ርዝመት በአውታሩ ላይ 23 ሜጋ ፓስካል የሚያህል ጫና ታስቀንሳለች።

የመሣሪያው አካል ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። እንጨት ወደ ቃጫው አቅጣጫ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 4 እጅ ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ መሣሪያው በሙሉ እኩል ሲሞቅ፣ እንጨቱ ከመላላቱ ጥቂቱን መልሶ ይወጥራል፤ የሚቀረው ልዩነት በሚሊዮን 7.5 እጅ፣ ለ10 ዲግሪ ደግሞ 15 ሜጋ ፓስካል ይሆናል።

ቀጥሎ የቀረበው ስሌት የመሣሪያው አንገትና አካል በውጥረት ለውጥ ጨርሶ አይጎብጡም በሚል ግምት የተሠራ ነው። በእውነቱ አንገት ጥቂት ስለሚጎብጥ፣ አኀዞቹ ሊደርሱ የሚችሉትን የላይኛውን ወሰን ያሳያሉ። የድምፅ ልዩነቱ የተለካው በሴንት ነው። አንድ ግማሽ ቶን 100 ሴንት ሲሆን፣ የሠለጠነ ጆሮ 5 እስከ 10 ሴንት የሚሆን ልዩነትን ይለያል።

3. አውታሮች እኩል አይወርዱም

ርዝመቱ 648 ሚሊሜትር የሆነ፣ በተለመደው መንገድ የተቃኘ የኤሌክትሪክ ጊታር ለምሳሌ ይወሰድ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አውታሮች ጥምጥም የሌላቸው የብረት ሽቦዎች ናቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምርና መሣሪያው በሙሉ ሲሞቅ ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

አንደኛው አውታር (ሚ፣ 330 ሄርዝ ገደማ)፦ በ9 ሴንት ይወርዳል።
ሁለተኛው አውታር (ሲ፣ 247 ሄርዝ ገደማ)፦ በ16 ሴንት ይወርዳል።
ሦስተኛው አውታር (ሶል፣ 196 ሄርዝ)፦ በ26 ሴንት ይወርዳል።

ከዚህ ውጤት ዋናው ቁም ነገር አውታሮቹ መውረዳቸው አይደለም። ሁሉም እኩል ቢወርዱ ኖሮ ብቻውን የሚጫወት ሰው ላያስተውለው ይችል ነበር። ቁም ነገሩ እኩል አለመውረዳቸው ነው። በአንደኛውና በሦስተኛው አውታር መካከል 17 ሴንት የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል፤ አብረው ሲመቱም መራራ ድምፅ ይሰጣሉ።

ምክንያቱ በአውታሩ ላይ ባለው የመነሻ ጫና ይገኛል። ለማንኛውም ጥምጥም የሌለው ሽቦ ይህ ጫና የሚወሰነው በሽቦው ጥግግት፣ በርዝመቱና በሚሰጠው ድምፅ ብቻ ነው፤ በውፍረቱ አይደለም። አንደኛው አውታር 1,430 ሜጋ ፓስካል ገደማ ሲሸከም፣ ሦስተኛው 507 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ ይሸከማል። ከሁለቱም ላይ እኩል 15 ሜጋ ፓስካል ሲቀነስ፣ ጥቂት ካለው ላይ የሚወሰደው ድርሻ ትልቅ ይሆናል። ከባለ ብዙ ሀብቱና ከድኻው እኩል ግብር እንደመሰብሰብ ነው፤ መጠኑ አንድ ቢሆንም ጉዳቱ አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ድምዳሜዎች ይከተላሉ። የመጀመሪያው፣ ወፍራም አውታር ቅኝት ይይዛል የሚለው ግምት ከሙቀት አንጻር በጥምጥም አልባ ሽቦ ላይ አይሠራም። በአንድ ርዝመትና በአንድ ድምፅ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም ሽቦ በሙቀት እኩል ይወርዳሉ። ሁለተኛው፣ ጥምጥም ያለው አውታር የተሻለ ነው። በእንዲህ ዓይነት አውታር ውጥረቱን የሚሸከመው የመካከሉ ቀጭን ሽቦ ሲሆን፣ ጥምጥሙ የሚጨምረው ክብደት ብቻ ነው። የመካከሉ ሽቦ ጫና ከፍ ስለሚል የሙቀቱ ድርሻ ያንሳል። ሦስተኛው አውታሩ ጥምጥም ያለው ጊታር፣ ጥምጥም ከሌለው ይልቅ በሙቀት ቅኝቱን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

4. የሁለት ፍጥነቶች ችግር

ከላይ ያለው ስሌት መሣሪያው በሙሉ እኩል ሞቋል ከሚል የተነሣ ነው። ነገር ግን አውታርና እንጨት በአንድ ፍጥነት አይሞቁም። ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ የአካባቢውን ሙቀት ለመያዝ ጥቂት ሰከንዶች ይበቁታል። የጊታር አንገትና አካል ግን ብዙ አሥር ደቂቃዎች ይፈልጋሉ።

ከቀዝቃዛ ክፍል ወጥቶ በ10 ዲግሪ ወደሚሞቅ ግቢ የገባ ጊታር ስለዚህ ሁለት ደረጃዎችን ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ አውታሩ ሞቆ እንጨቱ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ሦስቱ አውታሮች በ14፣ በ25 እና በ40 ሴንት ይወርዳሉ። በሁለተኛው ደረጃ እንጨቱ ሞቆ ሲረዝም አውታሮቹን መልሶ ይወጥራል፤ መውረዱም ወደ 9፣ 16 እና 26 ሴንት ይቀንሳል።

ተጫዋቹ ግቢው እንደደረሰ ወዲያው ቢቃኝ ምን ይሆናል? ለጊዜው ቅኝቱ የተስተካከለ ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን እንጨቱ ሲሞቅ አውታሮቹ በ5፣ በ9 እና በ14 ሴንት ከፍ ብለው ይገኛሉ። ጆሮው ጥሩ የሆነ፣ በጥንቃቄ የቃኘ ሰው የመጀመሪያውን ዘፈን ሳይጨርስ ቅኝቱ የሚሸሽበት ይህ ነው። ስሕተቱ በመቃኘቱ ላይ አልነበረም፤ በመቃኛ ሰዓቱ ላይ ነበር።

የፀሐይ ጨረር ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። በጥላ ሥር ያለ የመድረክ ክፍልና ፀሐይ የሚመታው ክፍል የተለያየ ሙቀት ስላላቸው፣ ተጫዋቹ ሁለት እርምጃ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አውታሩ ይለወጣል። የመድረክ መብራት በሌሊት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ማራገቢያም በተቃራኒው።

5. ከስቲል ጊታር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ስቲል ጊታር ስሙን ያገኘው ከአውታሮቹ ብረት ሳይሆን ተጫዋቹ በግራ እጁ ይዞ በአውታሮቹ ላይ ከሚያንሸራትተው የብረት ዘንግ ነው። ይህ አጨዋወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሃዋይ ደሴቶች የተጀመረ ሲሆን፣ ለመስፋፋቱ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ ሙዚቀኛ ተጠቃሽ ነው። በኋላም በአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ በህንድ፣ በናይጄሪያም በኪንግ ሰኒ አዴ የጁጁ ሙዚቃ ውስጥ ሳይቀር ቦታ አግኝቷል።

ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው በመሣሪያው የኤሌክትሪክ ዘመን መባቻ የተከሠተው ነው። ጆርጅ ቦሻምና አዶልፍ ሪከንባከር እ.ኤ.አ. በ1932 ለገበያ ያቀረቡት፣ በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻ» የሚል ቅጽል የወጣለት የኤሌክትሪክ ስቲል ጊታር አካሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነበር። አሉሚኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 23 እጅ ገደማ፣ ማለትም ከአረብ ብረት በእጥፍ ይረዝማል። በመድረክ መብራት ሥር ይህ መሣሪያ ቅኝቱን የማይጠብቅ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኩባንያው አካሉ ባኬላይት ከተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሌላ ሞዴል አወጣ።

በክፍል 3 ያሉት ሦስት አውታሮች በአሉሚኒየም አካል ላይ ቢወጠሩ የሚሆነውን ማስላት የመሣሪያውን ችግር ግልጽ ያደርገዋል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር፣ በመጀመሪያ አውታሩ ብቻ ሞቆ በ14፣ በ25 እና በ40 ሴንት ይወርዳል። ከዚያ አሉሚኒየሙ ሞቆ ከአውታሩ በላይ ሲረዝም፣ ድምፁ ወደ ቀድሞው መመለስ ብቻ ሳይሆን አልፎ በ14፣ በ24 እና በ38 ሴንት ከፍ ይላል። በእንጨት መሣሪያ ላይ መዛባቱ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ በአሉሚኒየም ላይ ግን መጀመሪያ ወርዶ ኋላ ይወጣል። ተጫዋቹ በየትኛው ሰዓት እንደሚያምነው አያውቅም።

ስቲል ጊታር ፍሬት ስለሌለው በሌላ በኩል አንድ ጸጋ አለው። ተጫዋቹ ድምፁ መውረዱን በጆሮው ሲያውቅ ዘንጉን ጥቂት ወደ ፊት በመግፋት ያርመዋል። ነገር ግን ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። ሁሉንም አውታሮች በእኩል ማረም እንጂ፣ አንደኛውን በ9፣ ሁለተኛውን በ16፣ ሦስተኛውን በ26 ሴንት ለይቶ ማረም አይችልም። ዘንጉን ማዘንበል የሚረዳው ለሁለት አውታሮች ሲሆን፣ ለብዙ አውታሮች ኅብረ ድምፅ ግን አይበቃም። ክፍት አውታር ሲመታም ዘንጉ ምንም አያደርግም። ፔዳል ያለው ስቲል ጊታር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፔዳል አውታሩን የሚስብበት ወሰን ለብቻው ስለሚቃኝ፣ ሙቀት ሲለወጥ ክፍቱም የተሳበውም ድምፅ በየራሱ መፈተሽ አለበት።

6. ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት

ክራር ቀድሞ በጅማት አውታር ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የናይለን ክርና የብረት ሽቦ በብዛት ይታይበታል። የብረት አውታር ያለው ክራር ከጊታር ይልቅ ለሙቀት የተጋለጠበት ምክንያት በክፍል 3 ከተገኘው ሕግ ይወጣል። ርዝመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነና በ200 ሄርዝ የተቃኘ ጥምጥም አልባ ሽቦ የሚሸከመው ጫና 314 ሜጋ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው። መሣሪያው በሙሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ይህ አውታር እስከ 42 ሴንት ሊወርድ ይችላል። በእርግጥ የክራር ቀንበር ጥቂት ይጎብጣል፤ በርኩማው የቆመበት ቆዳም ይለጠጣል። ሁለቱም የመዛባቱን መጠን ይቀንሱታል። ነገር ግን ቆዳው የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል።

ያው አየር ከ18 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ሊሸከም የሚችለው የእንፋሎት መጠን በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ስለዚህ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በደረቅ አየር ቆዳ እርጥበቱን እያጣ ይኮማተራል፤ ይወጠራል፤ በርኩማውንም ይገፋዋል። ሽቦው በሙቀት ሲላላ ቆዳው በድርቀት ሊወጥረው ይችላል። ሁለቱ ግን በአንድ ፍጥነት ስለማይሄዱ ተጣጥፈው ይቀራሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ሽቦው በሰከንዶች ይለወጣል፤ ቆዳው በሰዓታት።

ክራር በክፍት አውታር የሚመታ መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ አውታር የቅኝቱን አንድ ድምፅ ይይዛል። ፍሬትም ዘንግም ስለሌለው፣ አንዱ አውታር ሲወርድ በጨዋታ መካከል ማረሚያ የለውም። ጉዳቱም ከተራ መዛባት ይልቃል። ሙሉ ትዝታና ግማሽ ትዝታ የሚለዩት በሦስተኛውና በስድስተኛው ድምፅ ግማሽ ቶን መውረድ ነው፤ ማለትም በ100 ሴንት። ያንኑ ሦስተኛ ድምፅ የሚይዘው አውታር ከሌሎቹ ለይቶ 25 ሴንት ቢወርድ፣ ከሙሉ ወደ ግማሽ ከሚወስደው መንገድ ሩቡን ሄዷል ማለት ነው። አድማጩ ይህን በስም ባይጠራውም ስሜቱ እንደደበዘዘ ያውቃል።

ማሲንቆ በዚህ ረገድ የክራር ተቃራኒ ነው። አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስላለው በአውታሮች መካከል የሚፈጠር ልዩነት የለም። ፍሬት ስለሌለውም ተጫዋቹ ጣቱን በጥቂቱ በማንሸራተት ከሌሎች ጋር ይገጥማል። ኡድም ፍሬት የለውም፤ ጣት የሚያርፍበትን ድምፅ ማረም ይቻላል። ሆኖም ጥንድ አውታሮቹ እርስ በርስ ሲለያዩና ክፍት አውታር ሲመታ ጣት አይረዳም። ፍሬት ያለው ጊታር ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ክራር ከሁሉም ኋላ ነው።

የትንፋሽ መሣሪያዎች ሲቀላቀሉ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጥኖ ይጓዛል፤ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ፣ በ30 ዲግሪ 349 ሜትር ገደማ። ስለዚህ በውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ የሞቀ ዋሽንት እስከ 30 ሴንት ከፍ ይላል። የተጫዋቹ ትንፋሽ ቱቦውን አስቀድሞ ስለሚያሞቀው ለውጡ በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ሲሞቅ የብረት አውታር ይወርዳል፤ ዋሽንትና ሳክስፎን ይወጣሉ። ሦስተኛው የጊታር አውታርና ዋሽንቱ በአንድ ሰዓት ሲለያዩ፣ ርቀቱ ከሩብ ቶን ሊያልፍ ይችላል።

7. አንድ የድሬዳዋ ምሽት

እነዚህን ስሌቶች በአንድ ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በድሬዳዋ ከቀትር በኋላ በ34 ዲግሪ ሙቀት ለሠርግ የተቃኘ ጊታርና ሳክስፎን ይታሰቡ። ጨዋታው እስከ ሌሊት ይቀጥልና ሙቀቱ ወደ 24 ዲግሪ ይወርዳል። የጊታሩ አውታሮች በ9፣ በ16 እና በ26 ሴንት ገደማ ከፍ ይላሉ፤ ሳክስፎኑ ደግሞ ወደ ታች ይሳባል። ማንም ምንም ሳይነካ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ የነበሩ መሣሪያዎች በእኩለ ሌሊት ሁለት ሆነዋል። ዘፋኙ በመካከላቸው የቱን እንደሚከተል ይቸገራል። አድማጭም ቡድኑ የደከመ ወይም የሰከረ ይመስለዋል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከሐረር ደንገጎን አቋርጦ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሙዚቀኛ 700 ሜትር ያህል ሲወርድ 4.5 ዲግሪ ገደማ ይጨምርበታል፤ ሦስተኛው አውታሩም በ12 ሴንት ገደማ ይላላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ልዩነቱ 7.5 ዲግሪ፣ የአውታሩ መውረድ 20 ሴንት ገደማ ይሆናል። ከሐርላ ወደ ከተማ የሚወርድ ተማሪ የሚያጋጥመው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ማለዳ በቤቱ ቃኝቶ ቀትር ላይ በከተማ የሚጫወት ከሆነ ግን የሰዓቱ ልዩነት ከከፍታው ልዩነት በላይ ይሠራል።

በጉዞ ላይ ከቅኝት የባሰ አደጋም አለ። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው አየር ከ20 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ውጭው 35 ዲግሪ በሆነበት ቀን ይህ የመሣሪያ ሙጫ ወደሚለሰልስበት ሙቀት ይጠጋል። የጊታር በርኩማ የሚነቀለውና አንገት የሚጎብጠው በመድረክ ላይ ሳይሆን በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ ነው። ላብም በሙቀት ስለሚበዛ የብረቱን ሽቦ ያዝገዋል፤ የዛገ ሽቦ ክብደቱ በየቦታው ስለሚለያይ በየትኛውም ሙቀት በትክክል አይቃኝም።

8. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ስሌቱ በድሬዳዋና በአካባቢዋ በአንድ ቀን የሚታየው የሙቀት ለውጥ ብቻውን፣ የሠለጠነ ጆሮ ከሚለየው ልዩነት በእጥፍና ከዚያም በላይ የሆነ መዛባት ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። መዛባቱም በአውታሮች መካከል እኩል አይደለም። ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ምክሮች ቀርበዋል።

ሀ. መሣሪያው በሚጫወቱበት ቦታ፣ በጥላ ሥር፣ ከማቀፊያው ወጥቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ዋናው መቃኘት ከዚያ በኋላ ይሁን። ሲደርሱ የሚደረገው መቃኘት ጊዜያዊ ነው።

ለ. ቅኝት ሲፈተሽ ዝቅተኛ ጫና ካለው አውታር ይጀመር፤ በጊታር ላይ ጥምጥም ከሌለው ሦስተኛ አውታር። እርሱ ከተዛባ ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው።

ሐ. የትንፋሽ መሣሪያ ባለበት ቡድን፣ ዋሽንቱ ወይም ሳክስፎኑ አስቀድሞ በትንፋሽ ይሙቅ፤ አውታሮቹ በእርሱ ይቃኙ። የዋሽንት ቀዳዳ አይንቀሳቀስም፤ አውታር ግን ይታዘዛል።

መ. ፀሐይ ስትጠልቅ የሙቀቱ መውረድ ፈጣን ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ለመቃኛ የሚሆን ዕረፍት በፕሮግራሙ ውስጥ ይያዝ።

ሠ. የብረት አውታር ለሚጠቀም ክራር ሠሪ፣ ለዝቅተኛ ድምፆች ጥምጥም ያለው አውታር፣ ለሁሉም ደግሞ ረዘም ያለ ክንድ መምረጥ ከሙቀት ይከላከላል። ሽቦውን ማወፈር ግን አይረዳም።

ረ. ከጨዋታ በኋላ ላቡ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ መሣሪያው በመኪና ውስጥ አይተው።

የሙዚቃ መምህራንን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። ተማሪ ሲቃኝ የተዛባ ድምፅ ከተሰማ፣ ከመፍረድ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ መሣሪያው ከየት መጣ? ከመጣ ስንት ደቂቃ ሆነው? መልሱ ከቀዝቃዛ ክፍል እና አሁን የሚል ከሆነ፣ ተማሪው መሣሪያውን አስቀምጦ ይጠብቅ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም እንደገና ይቃኝ። ያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ የተማሪው ጆሮ ምስክር ይሆናል፤ ከዚያ በፊት የሚሰማው ግን የብረቱና የእንጨቱ ክርክር ነው።